ድርጅቱ ዓሣ የሆነበት ዕለት

ጋሼ ራዕይ ቃል ሲወዱ እንደ ሰው ነው የሚወዱት። ጠዋት ስሙን ይጠራሉ፣ ማታ ስሙን ይጠራሉ፣ ያልተጋበዘበት ቦታ ሁሉ ክንዱን ይዘው ያስገቡታል። አምና የያዛቸው «ሲነርጂ»፣ ማለትም ተባብሮ መሥራት፣ ነበር፤ የጽዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ መጥረጊያውንና ውኃውን በሲነርጂ እንዲያንቀሳቅሱ ታዘው ነበር። ዘንድሮ ደግሞ «ኢኮሲስተም» መጣ። የመጣው ከአንድ የሥራ መሪዎች ጉባኤ ነው። ሌላው ሰው ከጉባኤ ጉንፋን ይዞ ይመለሳል፤ እሳቸው ቃል ይዘው ተመለሱ። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ሠራተኛው ከረሳው ቆይቷል። በየስብሰባው ስለሚታያቸው ራዕይ ሲያወሩ ሰምቶ ጋሼ ራዕይ አላቸው፤ እሳቸውም ሰምተው ዝም አሉ፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

«እስቲ ንገሩኝ!» አሉ በሰኞው ስብሰባ ላይ፣ እጃቸውን እንደ መዘምራን መሪ እያወዛወዙ። «እኛ ድርጅት ነን? አይደለንም! እኛ የስልክ መተግበሪያ ነን? አይደለንም! ታዲያ ምንድን ነን?»

«ኢኮሲስተም!» አለ ቢልቦርድ ከፊት ወንበር።

ቢልቦርድ የማስታወቂያ ክፍሉ ኃላፊ ነው። ቁመቱና ከሩቅ የሚነበበው ፈገግታው ተባብረው ነው ስሙን ያወጡለት። ጋሼ ራዕይ ቢያስነጥሱ እንኳ «ግሩም ሐሳብ ነው» ሊል አፉን የሚከፍት ሰው ነው።

ድርጅቱ የሚሠራው ነገር፣ የጋሼ ራዕይ ጌጣጌጥ ሲወልቅለት፣ ቀላል ነው። ዳቦ ጋጋሪውን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ጫማ ጠጋኙን በአንድ የስልክ መተግበሪያ ሰብስቦ ከደንበኛ ጋር ያገናኛል። እስከ ዛሬ ነጋዴው በዚህም ይሸጣል፣ በሱቁ መስኮትም ይሸጣል፣ ደስ ካለው ለሌላ ድርጅትም ያቀርባል። አሁን የመጣው አዲስ ውል ግን ሌላውን በር ሁሉ ይዘጋል፤ የፈረመ ሰው የሚሸጠው በጋሼ ራዕይ በር ብቻ ነው። የሰፈሩ ነጋዴዎች በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስበው ይፈርማሉ ተብሎ ይጠበቃል።

«አጋሮቻችን መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋቸዋል» ሲሉ ቀጠሉ ጋሼ ራዕይ። «ከሕንፃው ጀርባ ያለችው አረንቋ ትደፈናለች። በፊርማው ቀን አቧራ እንዳይነሣብን ብዬ ነው እንጂ ዛሬውኑ ባስደፈንኳት። በማግሥቱ ገልባጭ መኪናው አፈሩን ይዞ ይመጣል።»

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ወንበር ወለሉን እየፋቀ ወደ ኋላ ሄደ።

የተነሣችው የቅሬታ ክፍሏ ልጅ ነበረች፤ እንቁራሪት። ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ልጅ እያለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ እንቁራሪት አስቀምጣ መጥታ፣ ምሳ ዕቃውን የከፈተው እሱ ስለነበር። እናቷ ስሙን ለማሳመር ብላ «እንቁዬ» ታደርገዋለች። ልጅቱም ቂም አልያዘችም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኩሬ ሕይወት አጥንታ፣ በማዕረግ ተመርቃ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያንኳኳችው በር ሁሉ ለኩሬ የሚሆን ክፍት የሥራ ቦታ እንደሌለ በትሕትና አስረዳት። ስለዚህ አሁን ስልክ ታነሳለች። «ዳቦዬ ቀዝቅዞ መጣ።» «ይቅርታ እንጠይቃለን።» «የመጣልኝ ሱሪ የሌላ ሰው ነው።» «ሌላውም ሰው ደውሏል፣ እናገናኛችኋለን።» የእሷ ዕረፍት ምሳ ሰዓት ነው። ያቺን አረንቋ የተባለችውን ኩሬ ከብባ፣ ደንገሉን ገለጥ አድርጋ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ትበላለች፤ የውኃ ተርቦቹ ከወዲያ ወዲህ ሲሉ ዐይኗ አብሮ ይንከራተታል። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ሰማንያ ቅሬታ አዳምጣ ከሰዓት በኋላ ሳቅ ብላ የምትመለስ ሠራተኛ እሷ ብቻ ነበረች፤ ምሥጢሩም ይኸው ነው።

«ጋሼ፣ እሱኮ ነው ኢኮሲስተም!» አለች። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ። «የሚደፈነው! ማንም ሳይመግበው አንዱ በሌላው ተደግፎ በራሱ የሚኖርበት! እስካሁን ሲያወሩለት የነበረው ነገር እሱ ነው!»

ስብሰባው በሙሉ አንገቱን አዞረ። ቢልቦርድ ፈገግ ልበል ወይስ ልቆጣ ብሎ የጋሼን ፊት ጠበቀ።

«ምንድን ነው ያጠናሽው አንቺ?» አሉ ጋሼ ራዕይ።

«የኩሬ ሕይወት።»

«እና ቅሬታ ክፍል ምን ትሠሪያለሽ?»

«እሱንማ እኔም አላውቀውም፣ ጋሼ።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ ራዕይ አልሳቁም፤ ዐይናቸው ግን በራ። ያን ብርሃን ሠራተኛው ያውቀዋል፤ ሲበራ የሆነ ሰው ሥራ ይበዛበታል።

«አዳራሹ መግቢያ ላይ ያለው ገንዳ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። የቀድሞው ተከራይ ትቶት የሄደ ትልቅ የመስተዋት ገንዳ ነው፤ ዓሣ ኖሮበት አያውቅም፣ የላስቲክ አበባ ታጭቆበት አቧራ ጠጥቷል። «እዚያ ውስጥ ሕያው ኢኮሲስተም ትሠሪልኛለሽ! ነጋዴዎቹ ሲገቡ ያዩታል፣ ይገባቸዋል፣ ይፈርማሉ! ማንም ሳይመግበው በራሱ የሚኖር ነው ያልሽው አይደል?»

«በራሱ። ከፀሐይ በቀር ምንም አይፈልግም።»

«እስከ ፊርማው ቀን ኖሮ እንግዶቼን ካስደነቀ፣ ኩሬው ያንቺ ነው። ገልባጩን እመልሰዋለሁ። ካልሆነ...» እጃቸውን እንደ አካፋ ገለበጡት።

እንቁራሪት ከስብሰባው ስትወጣ ምድር አልበቃቻትም።

አክስቷ ከሕንፃው ማዶ ዳቦ ቤት አላት። እንቁራሪት እየሮጠች ገብታ ከመደርደሪያው ሥር ነጩን የዱቄት ባልዲ ስትመነትፍ፣ አክስቷ ከምድጃው ሳትዞር ነው ያየቻት። ይህቺ ሴት ትኩስ ዳቦና ሌባ በጀርባዋ ታያለች።

«አስቀምጪ።»

«አክስቴ፣ ታጥቦ ይመለሳል!»

«አንቺ ባጠብሽው ዕቃ ውስጥ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይዋኛል። የእናትሽ ድስት ላይ ምን ተገኘ? ልናገር?»

«ትንሽዬ ቀንድ አውጣ ናት። ደግሞ ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«ያኔ ነው የምትይው ባለፈው ዓመት የሆነውን?» አክስቷ በመጨረሻ ዞረች። የልጅቱን ፊት ስታይ ግን ነገሩን አለዘበችው። ይህን ፊት ካየችው ቆይታለች፤ ከምርቃቷ ቀን ወዲህ አላየችውም። «እሺ፣ ለምንድን ነው?»

እንቁራሪት ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻት። አክስቷ ሊጡን እየደበደበች ሰማች።

«እና እኔ ከፈረምኩ በኋላ እንደዚያ ገንዳ ነው የምሆነው?»

«መሆን ያለበትማ እንደዚያ ነው።»

«መሆን ያለበትን አይደለም የጠየቅሁሽ። ይሄ በአንድ በር ብቻ የሚሉት ነገር ይቆረቁረኛል። መስኮቴ ላይ መጥታ አንድ ዳቦ የምትገዛ አሮጊት ስልክ የላትም። ምን ልበላት?»

እንቁራሪት መልስ መስጠት ነበረባት፤ ነገር ግን ልቧ ኩሬው ዳር ደርሶ ጫማውን አውልቆ ነበር። አክስቷን ጉንጯ ላይ ስማ ባልዲውን ይዛ በረረች።

በቀጣዮቹ ቀናት የአዳራሹ ጥበቃ አይቶ የማያውቀውን ነገር አየ። ልጅቱ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ጭቃ በባልዲ ታመላልሳለች። በጭቃው ላይ የኩሬ ውኃ አፈሰሰች፣ የውኃ ውስጥ ተክል ተከለች፣ ቀንድ አውጣ አስገባች፣ ዐይን በግድ የሚያያቸውን ቀያይ የውኃ ቁንጫዎች ለቀቀች፣ በመጨረሻም ጣት የማያክሉ ጥቂት ዓሣዎች ጨመረች። የመጀመሪያው ቀን ገንዳው የታጠበ መኪና እጣቢ መሰለ። ቢልቦርድ በአጠገቡ ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል።

«ጠብቅ» ትለዋለች፣ «እየተዋወቁ ነው።»

እውነትም ተዋወቁ። ጭቃው ሰከነ፤ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ በዛ፤ ቁንጫዎቹ አልጌውን ተያያዙት፤ ውኃው ማንም ሳይነካው ራሱን እያጠራ መጣ። አንድ ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ከተክሎቹ ቅጠል ላይ የአየር አረፋ እንደ ዶቃ እየተደረደረ ሽቅብ ተነሣ። የሒሳብ ክፍሏ ሴት «ይተነፍሳል!» ብላ ጮኸች፤ ሠራተኛው ከየቢሮው ግር ብሎ ወጣ። ቀንድ አውጣዋ መስተዋቱ ላይ እንቁላል ጣለች፤ በየፎቁ ወሬው ተዳረሰ፣ «ወለደች፣ ወለደች!» ተባለ። ሻይ ይዘው መጥተው ገንዳው ፊት የሚቆሙ በዙ። እንቁራሪት በቅሬታ ስልክ ላይ ሳይቀር ስለ ገንዳው ማውራት ጀመረች። አንድ ደንበኛ ጫማው ሳይጠገን መመለሱን ሊከስ ደውሎ፣ «ለመሆኑ ቀንድ አውጣዋ እንዴት ናት?» ብሎ ዘጋ።

ጋሼ ራዕይም ቢልቦርድን አስከትለው መጡ። ቢልቦርድ በእጁ በየእንስሳው ፊት የሚለጠፉ ትንንሽ ጽሑፎች ይዟል፤ «አጋር»፣ «ደንበኛ»፣ «አቅራቢ» የሚሉ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ አንዱን ጥቁርና ቀጭን ነገር እያመለከቱ።

«አልቅት ነው። ከጭቃው ጋር ነው የመጣው፣ ጉዳት የለውም።»

«ይውጣ! የአበዳሪዎቻችን ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ፤ ስለ እነሱ የተሠራ እንዳይመስላቸው።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ አሉ። «እሺ። እኛ የቱ ነን?»

«ማለት?»

«ድርጅቱ! ዋናው! እኔ!»

እንቁራሪት ራሷን አከከች። «ጋሼ፣ ዋና የሚባል የለም። ዓሣዋ ቁንጫውን ትበላለች፣ ቁንጫው አልጌውን፣ አልጌው ደግሞ...»

«አንድ መሪማ ግድ ነው።»

«ግድ ነው ካሉ...» በእውነትም አሰበችበት። ከልቧ ልታከብራቸው ፈልጋ ነው። «ጭቃው።»

ገንዳው ውስጥ አንድ አረፋ ወጣ።

«ጭቃ?» አሉ ጋሼ ራዕይ።

«ትልቁን ሥራ የሚሠራው እሱኮ ነው! የወደቀውን ሁሉ ይቀበላል፣ የሞተውን ሁሉ ያብላላል፣ መልሶ ለሁሉም ይመግባል። እሱ ባይኖር አንዳቸውም...»

«እኔ ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ጭቃ?»

«"ኑ፣ ጭቃችንን ተቀላቀሉ"» አለ ቢልቦርድ ለራሱ፣ ቃሉን ባነር ላይ እየለካ። «ይከብዳል ጋሼ። በጣም ይከብዳል።»

ጋሼ ራዕይ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወጡ። እንቁራሪት እንደተቀየሙ ገባት፤ ነገር ግን ገንዳው ሕያው ነው፣ ፊርማው ነገ ነው፣ ኩሬዋም ልትተርፍ አንድ ሌሊት ቀርቷታል። በደስታ እንቅልፍ አጥታ አደረች።

በማግሥቱ ማለዳ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ የአዳራሹን በር ስትከፍት ገንዳው ያበራል። ከልክ በላይ ያበራል። ጭቃው የለም፤ በቦታው እንደ ጥርስ የነጡ ጠጠሮች ተደርድረዋል። ውኃው የቧንቧ ውኃ ነው። በውኃው መሐል ክንድ የሚያክል ብርቱካናማ ዓሣ፣ ሆዱ የተነፋ፣ በዝግታ ይዞራል። ፊት ለፊቱ መስተዋቱ ላይ «እኛ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎለታል።

«ይኼ ነው መሪነት!» አሉ ጋሼ ራዕይ ከኋላዋ። ከረባታቸው እንኳ ብርቱካናማ ነበር። «ትናንት ማታ አስመጣሁት። ያ ጭቃ ለፎቶ አይመችም፤ ቢልቦርድ አስወጣው። የቀረውን ግን አልነካንብሽም፣ አትጨነቂ።»

«ታዲያ የታሉ?»

«ምኖቹ?»

«ዓሣዎቹ! ቁንጫዎቹ! ቀንድ አውጣዎቹ!»

ጋሼ ራዕይ ወደ ገንዳው ተጠጉ። ቢልቦርድም ተጠጋ። አንድ የተነቀለ ተክል ውኃው ላይ ተንሳፎ ነበር፤ ከዚያ በቀር ያለው ብርቱካናማው ዓሣ ብቻ ነው። ዓሣው አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል፤ አየር እያጠረው ነው።

«ንግግር እያደረገ ነው» አለ ቢልቦርድ።

እንቁራሪት ቆሌዋ ተገፈፈ። ወዲያው የውጩ በር ተከፈተና ነጋዴዎቹ ገቡ። ከፊት አክስቷ፣ የክት ልብሷን ለብሳ ዱቄት ግን ከቅንድቧ ሳይለቅ፤ ከጎኗ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ በወፍጮ ጩኸት ጆሮው ስለደከመ ሹክሹክታውም ጩኸት የሆነ ሰው፤ ከኋላ ልብስ ሰፊዎቹና ጫማ ጠጋኞቹ።

«እንኳን ወደ ኢኮሲስተማችሁ በደኅና መጣችሁ!» አሉ ጋሼ ራዕይ እጃቸውን ዘርግተው።

ሰዉ ገንዳውን ከበበ። አክስቷ መነጽሯን ከደረቷ አውጥታ ዐይኗ ላይ አደረገች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ጋሼ ራዕይን «አንተ» የምትላቸው ሰው እሷ ብቻ ናት፤ በልጅነታቸው ዳቦ የሸጠችላቸው እሷ ስለሆነች ማንም አይከለክላትም።

«ቆንጆ ነው። ይሄ አንተ ነህ?»

«ድርጅቱ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ። እኛስ የቱ ጋ ነን?»

ጋሼ ራዕይ አፋቸውን ከፈቱ። ዓሣውም ከፈተ። ቢልቦርድ ባዶውን ውኃ በዐይኑ እያሰሰ ለ«አጋር» የሚሆን ቢያንስ አንድ ጠጠር ፈለገ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እንቁራሪት ዞሩ።

እዚህ ላይ መዋሸት ትችል ነበር። «ተደብቃችሁ ነው» ብትል ሰው ይፈርም ነበር፤ ጋሼ ራዕይም ውለታዋን አይረሱም ነበር፤ ኩሬውም ይተርፍ ነበር። ሁሉንም በአንድ ቅጽበት አሰበችው። ቀጥሎ ግን የአክስቷን ቅንድብ አየች፣ ዱቄት ያለበትን።

«ሆዱ ውስጥ» አለች።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «የት ነው ያለችው?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ።

«ሆዱ ውስጥ ናችሁ አለች!» አለው ልብስ ሰፊው ጆሮው ሥር።

«ሆዱ ውስጥ!» ብሎ አምባረቀ፤ ወዲያው ሳቁ አዳራሹን ሞላው። ሰውዬው ሲስቅ ወፍጮው የተነሣ ነው የሚመስለው። ሌላውም ተከተለው። ጋሼ ራዕይ ብቻ ነበሩ የማይስቁት፤ ፊታቸው ከከረባታቸው ጋር አንድ ቀለም ሆነ።

«በይ» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ከሥራሽም ከኩሬሽም...»

«ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» አቋረጠቻቸው። የሆነ ነገር ውስጧ ተፈትቶ ነበር፤ ከእንግዲህ የሚቀርባት ስለሌለ ይሆናል፣ ልቧ በደስታ ይዘል ጀመር። «ከማባረርዎ በፊት ላሳይዎት። ሁላችሁም ኑ! ጀርባ ነው፣ ከዚህ ነው፣ ቀሚሳችሁን ሰብስቡ!»

ሰዉ ነጎደ። ግማሹ ለማየት፣ ግማሹ ጋሼ ራዕይ ሲያባርሯት እንዳያመልጠው። ቢልቦርድ ስልኩን ከፍ አድርጎ እየቀረጸ ተከተለ፤ ለምን እንደሚቀርጽ ራሱም አያውቅም፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ካየ መቅረጽ ልማዱ ነው።

እንቁራሪት ደንገሉን እንደ መጋረጃ ገለጠችው። ኩሬው ላይ ገና ጠዋት ነበር፤ የውኃ ተርቦቹ ተነሥተው ሰማያዊ ብልጭታ እየረጩ ይበርራሉ። አንዲት ወፍ ከውኃው አንድ ነገር ቀንጥባ ሄደች። ልጅቱ ማቆም አቃታት፤ እያመለከተች፣ እየሮጠች፣ ድንጋይ እየገለበጠች ተናገረች። ከድንጋዩ ሥር ትሎች፣ ከቅጠሉ ጀርባ እንቁላል፣ ከዳሩ ጅራት ያላቸው የእንቁራሪት ልጆች! የጎለመሱ ነጋዴዎች ተንበረከኩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መዳፉ ላይ ቀንድ አውጣ አስቀምጦ «ቀንዷን አወጣችልኝ! እዩ፣ ለእኔ ነው!» እያለ ሰፈሩን ቀሰቀሰ።

አክስቷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። «እንቁዬ፣ ያቺ ትንሿ ዓሣ የምትበላው አንድ ነገር ብቻ ነው?»

«ኧረ ብዙ ነው! ቁንጫው ቢጠፋ ትል አለ፣ ትሉ ቢጠፋ ትንኝ አለ። አንዱ ሲጎድል ሁሉም አብሮ እንዳይወድቅ ነው እንዲህ የተጠላለፈው።»

«ሰማህ?» አለች አክስቷ ወደ ጋሼ ራዕይ ዞራ። «እኔም ይኼንኑ ነው የምፈልገው። በአንተም በር ልሽጥ፣ በመስኮቴም ልሽጥ። አንተ አንድ ቀን ሆድህን ቢቆርጥህ እኔ ለምን አብሬ ልሙት? እዚህ ውስጥ እስቲ በር አሳየኝ።»

ጋሼ ራዕይ በርን ፍለጋ በሚመስል አኳኋን ኩሬውን ቃኙ። ነጋዴዎቹን አዩ፤ በአዳራሹ ያለውን ዓሣ ሲያዩ ያልነበረ ነገር በሰዎቹ ፊት ላይ አለ። የቢልቦርድን ስልክ አዩ። ያ ብርሃን ቀስ ብሎ ዐይናቸው ውስጥ ተመልሶ በራ።

«ይኼ...» አሉ። «ይኼ ነው እኔ ሳወራው የነበረው! ይኼንን ነው ሁልጊዜ ያልኩት! ይኼ ኩሬ የድርጅታችን ልብ ነው! ማንም አይነካትም!»

«ግሩም ሐሳብ ነው!» አለ ቢልቦርድ።

«እንግዲያው ድርጅቱም ወደ ኢኮሲስተሙ ይግባ!» አሉ ጋሼ ራዕይ። «ዓሣውን አምጡት!»

እንቁራሪት ነገሩ እስኪገባት ቢልቦርድ ሄዶ ተመልሶ ነበር። ዓሣውን በነጭ ባልዲ ይዞ እየሮጠ ነው፤ ውኃው ሱሪው ላይ ይፈስሳል።

«ባልዲዬ!» ብላ ጮኸች አክስቷ።

«አይሆንም!» ጮኸች እንቁራሪት። ባልዲው ወደ ውኃው ሲዘነበል ደርሳ ጆሮውን ያዘችው። ቢልቦርድ ጎተተ፣ እሷ ጎተተች፤ ዳሩ አንሸራተተና ልጅቱ አዲስ ቀሚሷን እንደለበሰች ጭቃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገባች። ባልዲውን ግን አለቀቀችም፤ ከራሷ በላይ አንሥታ ቆመች። ዓሣው ከአፋፉ ብቅ ብሎ ሰዉን ቃኘ።

«ጋሼ፣ በአንድ ሌሊት ያደረገውን አይተዋል! የዚህ ኩሬ አይደለም፤ እዚህ ካለው አንዱም እሱን መከላከል አያውቅም። ከገባ ለነገ የምናሳየው ኩሬ የለንም!»

«እኔኮ ነኝ እሱ» አሉ ጋሼ ራዕይ ቅር ብሏቸው፣ እንደ ልጅ።

«እንግዲያው ምረጥ» አለች አክስቷ። «ወይ ዓሣው ወይ እኛ።»

ጋሼ ራዕይ ዓሣውን አዩት። ዓሣው አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። በጣም ለረጅም ጊዜ ተያዩ።

«ይመለስ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ባለ ድምፅ።

ጭብጨባው ደንገል ውስጥ ያሉትን ወፎች ሁሉ አስነሣ። አራት ነጋዴዎች ተረዳድተው እንቁራሪትን ከጭቃው ሲስቧት አንድ ጫማዋ ኩሬው ዘንድ ቀረ፤ ጫማ ጠጋኙ ሌላውን አይቶ ሥራ ማግኘቱን አበሠረ። ውሉ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ስለ አንድ በር የሚለው አንቀጽ በወፍራሙ ተሠረዘ፣ ሁሉም ፈረሙ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የፈረመው ቀንድ አውጣዋን በሌላ እጁ እንደያዘ ነው።

በማግሥቱ ገልባጭ መኪናው አፈሩን ጭኖ ሲመጣ በሩ ላይ ያገኘው ጋሼ ራዕይን ራሳቸውን ነበር። ሹፌሩ የታዘዘበትን ሲነግራቸው «ማን ነው ያዘዘህ እንዲህ ያለ ነገር?» ብለው ተቆጡት። እሱም ግራ ተጋብቶ አፈሩን እንደጫነ ተመለሰ። እንቁራሪት በቅሬታ ክፍሉ መስኮት የመኪናውን ጀርባ እስኪሰወር አየችና ያነሣችውን ስልክ ለደንበኛው ሳትዘጋ እልል አለች። ደንበኛው ሱሪው የተገኘለት መስሎት አመሰገናት።

ዓሣው ጋሼ ቢሮ ገባ። አየር የሚነፋ ማሽን ተገዛለት፤ በራሱ መኖር ስለማይችል ጠዋትና ማታ የሚመግቡት እሳቸው ናቸው፤ ከስብሰባ ሳይቀር «ልጄ ርቦታል» ብለው ይነሣሉ። የአዳራሹ ገንዳ ጭቃው ተመለሰለት፤ ባልዲውም ለአክስቷ ተመለሰ። አክስቷ ግን ዱቄት አታስቀምጥበትም፤ ሥሩ ላይ የሆነ ነገር ሲዋኝ አይቻለሁ ትላለች። እንቁራሪት «የኢኮሲስተም ዳይሬክተር» የሚል መጠሪያ ደረቷ ላይ ተሰክቶላታል። ሥራዋ ግን ያው ስልክ ማንሳት ነው፤ በኩሬ ረገድ ቅሬታ የደወለ እስካሁን የለም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ስትቆርስ ደንገሉ ተገለጠ። ጋሼ ራዕይ ነበሩ፣ ብቻቸውን። ሲመጡ ምንም ቃል ይዘው አልመጡም። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ፤ የውኃውን ዳር በጫማቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ጭቃው ቀስ ብሎ ሲውጠው፣ መልሶ ሲለቀው አዩት።

«ያ...» አሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «ያ የጭቃው ቦታ። አሁንም ክፍት ነው?»

እንቁራሪት ድንጋዩ ላይ ፈቀቅ አለችላቸው።